የወር አበባ ሕመምና የሕንድ ጥንታዊ መድኃኒቶች

በየወሩ አንድ ሁለት ቀን ከክፍል የምትቀር ተማሪ ምክንያቷን ስትጠየቅ «ሆዴን አሞኝ ነው» ብላ ታልፈዋለች፤ መምህሩም ከዚያ በላይ አይጠይቅም። ጉዳዩ ግን የባዮሎጂ ትምህርት አንዱ ክፍል ሊሆን ይገባዋል። በሕንድ አገርም ከጥንት ጀምሮ ሲጻፍበት ኖሯል።

የሕንድ ጥንታዊ ሕክምና አዩርቬዳ ይባላል፤ በሳንስክሪት ቋንቋ የሕይወት ዕውቀት ማለት ነው። ከዋና መጻሕፍቱ አንዱ የሆነው ቻራካ ሳምሂታ፣ ከደሙ በፊት የሚያስጨንቅና ደሙ ሲወርድ የሚተው አንድ የማኅፀን ሕመም ይገልጻል። ምክንያቱን «ቫታ» ለተባለው፣ በሰውነት ውስጥ ይዘዋወራል ለሚሉት ነፋስ ይሰጠዋል። ወደ ታች መውረድ የሚገባው ነፋስ ተገልብጦ ወደ ላይ ይገፋል ይላል። ነፋስ በጠባዩ ቀዝቃዛና ደረቅ ነውና፣ መድኃኒቱ የሚያሞቅና የሚያለሰልስ መሆን አለበት። ስለዚህም ሐኪሞቹ ሆድንና ወገብን በሞቀ የሰሊጥ ዘይት ያሻሉ፤ እኛም በየቤታችን የምናውቃቸውን ደረቅ ዝንጅብልና ነጭ አዝሙድ አፍልተው ያጠጣሉ። ደም ለሚበዛባት ደግሞ አሾካ የተባለውን ዛፍ ቅርፊት ይቀቅላሉ።

የዘመኑ ሳይንስ ይህን ነፋስ አላገኘውም። ያገኘው ፕሮስታግላንዲን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። የማኅፀን ውስጠኛ ሽፋን ሲፈርስ ይመነጭና የማኅፀንን ጡንቻ አጥብቆ ያኮማትረዋል። የደም ሥሮቹ ሲጨመቁ ጡንቻው ኦክስጅን ያጥረዋል፤ ሕመሙ የሚመጣው ከዚህ ነው። የንጥረ ነገሩ መጠን በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ከፍ ብሎ ኋላ ስለሚቀንስ፣ የጥንቶቹ ሰዎች ትርጓሜያቸው ቢስትም ሕመሙን በሚገባ አስተውለውታል ማለት ይቻላል። እንግሊዛዊው ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 አስፕሪን ፕሮስታግላንዲን እንዳይሠራ እንደሚያግድ አሳየ፤ በ1982ም የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። አይቡፕሮፌንም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው።

የሚያስገርመው ዝንጅብል ነው። በውስጡ ያሉ አንዳንድ ኬሚካሎች በቤተ ሙከራ ሲፈተኑ ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 በታተመ የኢራን ጥናት፣ ከ150 ተማሪዎች አንዱ ቡድን 250 ሚሊግራም የዝንጅብል ዱቄት በቀን 4 ጊዜ ለ3 ቀናት ሲወስድ፣ ሌሎቹ ሁለት ቡድኖች አይቡፕሮፌንና ሜፌናሚክ አሲድ ወሰዱ። በውጤታቸው መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ይሁን እንጂ መድኃኒት የሌለበት እንክብል የተሰጠው ቡድን አልነበረም፤ ስለዚህ ሕመሙ በራሱ ጊዜ ምን ያህል እንደ ቀነሰ ከዚህ ጥናት መለየት አይቻልም። ይህ ለሳይንስ ክፍል ጥሩ የመወያያ ጥያቄ ይመስለኛል።

የወጥ ቤት ዝንጅብልና በሣጥን ታሽጎ የሚሸጥ እንክብል ግን አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2004 በታተመ ጥናት፣ በአሜሪካ ቦስተን አካባቢ ከሱቅ ተገዝተው ከተመረመሩ 70 የአዩርቬዳ መድኃኒቶች በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቷል።

ሕመሙ ከወር ወር እየባሰ የሚሄድባት፣ በማስታገሻ የማይቀልላት፣ ደም ከመጠን በላይ የሚፈሳት ወይም ትኩሳት የተጨመረባት ልጅ፣ ዝንጅብሉን ትታ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለባት።