ሹራቡ ይቅደም፣ ባናው ይደርሳል

ልጄ ነሐሴ ላይ እንደምትወልድ ስትነግረኝ በእጄ ሦስት ሥራ ነበር፦ ለባና የሚፈተል የበግ ፀጉር፣ እጅጌው የቀረ የሕፃን ሹራብ፣ ለክርስትናው የሚጠለፍ የሀበሻ ቀሚስ። የጣርማ በርን ክረምት የምታውቁ ታውቃላችሁ። ከ3000 ሜትር በላይ ነን፤ ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል።

መጀመሪያ ወደ ባናው ሮጥኩ፤ ተሳሳትኩ። የመንዝ በግ ፀጉር ተሸልቶ፣ ታጥቦ፣ በደጋን ተነድፎ፣ በእንዝርት ተፈትሎ ነው ለሸማኔ የሚሰጠው። ፈትሉ የሴት ነው፣ ሽመናው የወንድ። ሸማኔው ደግሞ ገበሬ ነውና ክረምት ላይ እርሻው ይቀድምበታል። እኔ ብጣደፍ ማን ሊሠራልኝ! በዚያ ላይ ፀጉሩ ለአራስ ገላ ይሻክራል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰዓት ሰጠሁት። እንዝርቱ ወሬ አያቋርጥም፤ ጎረቤት ቡና ስጠራ ይዤው እሄዳለሁ። ጥልፉ ዓይን ይፈጃል፤ ፀሐይ ሲወጣ ደጃፍ ላይ። ሹራቡን ጣቴ ስለለመደው ማታ። ሳቆም የደረስኩበት ረድፍ ላይ ቀይ ክር አስራለሁ፤ ሳላስር ያደርኩ ቀን አንድ እጅጌ ሁለቴ ተርትሬያለሁ። የተረፈውን ፀጉር በደንብ አድርቄ በጆንያ ቋጠርኩ፤ ብል ከገባበት ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው።

ሹራቡ ለምጧ ቀን ደረሰ። ሴት ልጅ ወለደች፤ ክርስትናዋ በ80 ቀን ነውና ለጥልፉም ፋታ አገኘሁ። ወንድ ቢሆን 40 ቀን ብቻ ነበረኝ። ባናው ገና ሸማኔ ቤት ነው፤ ፈትሉን ያስረከብኩት መስከረም ሲጠባ ነው።