አጥር የማይገድበው አጋዘን፦ የስፖርት አደን በደቡብ ቴክሳስ

በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት፣ ከሳን አንቶኒዮ ከተማ በስተደቡብ እስከ ሪዮ ግራንዴ ወንዝ በሚዘልቀው ቁጥቋጦማ ሜዳ የሚኖረው ነጭ ጅራት አጋዘን በቀንዱ ትልቅነት በአዳኞች ዘንድ ከፍተኛ ዝና አለው። አካባቢው ሙቀት የሚበረታበት፣ ዝናብ የሚዋዥቅበት፣ በእሾሃማ ዛፎችና በቁልቋል የተሸፈነ ነው። በዚህም ምክንያት ለረጅም ዘመን በከብት እርባታ ሲተዳደሩ ለቆዩ በርካታ ባለይዞታዎች የአደን ኪራይ ዋነኛ የገቢ ምንጭ ሆኗል።

በቴክሳስ ሕግ መሠረት የዱር እንስሳት የግዛቱ ሕዝብ ሀብት ናቸው። በአንጻሩ ከግዛቱ መሬት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የግል ይዞታ ነው። ስለሆነም ባለመሬቱ የሚያከራየው አጋዘኑን ሳይሆን ወደ ይዞታው ገብቶ የማደን መብትን ነው። የአደን ወቅትንና አንድ አዳኝ ሊገድል የሚችለውን የእንስሳት ቁጥር የሚወስነው የግዛቱ የፓርኮችና የዱር እንስሳት መምሪያ ሲሆን፣ አዳኙም ፈቃድ የማውጣት ግዴታ አለበት።

ለከብት ተብሎ የተሠራው ከአንድ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ የሽቦ አጥር አጋዘንን አያግድም፤ እንስሳው ዘሎት ወይም በሥሩ ሾልኮ ያልፋል። 2 ነጥብ 4 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው አጥር ግን ያግተዋል። እ.ኤ.አ. በ1887 በቴዎዶር ሩዝቬልት የተመሠረተው ቡን ኤንድ ክሮኬት ክለብ፣ ማምለጥ በማይቻልበት አጥር ውስጥ የተገደለን እንስሳ በመዝገቡ አያሰፍርም። መደበኛ ቅርጽ ያለው ቀንድ በክለቡ ቋሚ መዝገብ እንዲገባ በኢንች ተለክቶ ቢያንስ 170 ነጥብ ማግኘት ይጠበቅበታል።

ይህ አጋዘን በኢትዮጵያ አጋዘን ከሚባሉት እንስሳት በወገን የተለየ ነው። የእነርሱ ቀንድ ዕድሜ ልክ አብሯቸው ሲኖር፣ የነጭ ጅራቱ ግን በየዓመቱ ወድቆ እንደገና ይበቅላል። ትልቅነቱን የሚወስኑት ዘር፣ ምግብና ዕድሜ ሲሆኑ፣ ወንዱ ከፍተኛ ደረጃ ላይ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ዓመት ዕድሜው ነው። ዝናብ በጠፋበት ዓመት ግን ዕድሜው የደረሰውም ቢሆን ቀንዱ ያንሳል።

ችግሩ የሚነሣውም ከዚህ ላይ ነው። አንድ ባለይዞታ የ3 ዓመቱን ወንድ "ይደግ" ብሎ ቢተወው፣ በማግስቱ አጥር ተሻግሮ በጎረቤት መሬት ሊገደል ይችላል። በደቡብ ቴክሳስ ትዕግሥት የሚያዋጣው ብዙዎቹ ይዞታዎች እጅግ ሰፋፊ በመሆናቸው ነው። ይዞታ በጠበበባቸው የግዛቱ አካባቢዎች ግን ጎረቤታሞች ማኅበር አቋቁመው በሚታደነው እንስሳ ዕድሜና ቁጥር ላይ ይስማማሉ። ቆጠራም ይካሄዳል፤ በሜዳው በሄሊኮፕተር መቁጠር የተለመደ ነው። ግጦሹ ከሚችለው በላይ እንዳይበሉ ሴቶቹም በተወሰነ ቁጥር እንዲታደኑ ይደረጋል። የሥርዓቱ ጤንነት ከመዝገብ ቀንዶች ይልቅ በዚህ ብዙም በማይወራለት ሥራ ይለካል ማለት ይቻላል።

ለግዛቶች የዱር እንስሳት ሥራ የሚውለው ገንዘብ በከፊል የሚገኘው ከአዳኞች ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 የወጣው የፌዴራል ሕግ በጠመንጃና በጥይት ላይ የተጣለው የ11 በመቶ ታክስ ለግዛቶች እንዲከፋፈል አድርጓል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከፍተኛ ሥጋት የሆነው የአጋዘኖችን አንጎል የሚጎዳና እያመነመነ የሚገድል፣ ክትባትም ሆነ ፈውስ ያልተገኘለት በሽታ ነው። በቴክሳስ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2012 በሌላ የአጋዘን ዝርያ ላይ ሲሆን፣ በ2015 ደግሞ በማርቢያ ውስጥ በነበረ ነጭ ጅራት ላይ ተገኝቷል። ከማርቢያ ማርቢያ በመኪና የሚጓጓዘውን እንስሳ በፈቃድና በምርመራ መቆጣጠር ይቻላል፤ ዝቅተኛውን አጥር በራሱ እግር የሚሻገረውን ግን ማስቆም አይቻልም። ስለዚህም የጤና ባለሙያዎች ክትትል በአብዛኛው የተመሠረተው አዳኞች ከገደሏቸው አጋዘኖች በሚወሰዱ ናሙናዎች ላይ ነው።