እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ልትማሩ ለምትገቡ

አዲስ ተማሪዎች መጀመሪያ የሚያስረክቡኝ ድርሰት አብዛኛውን ጊዜ የታሪኩ ማጠቃለያ ነው። ኮሌጅ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነው። የቺኑዋ አቼቤን ልቦለድ «ቲንግስ ፎል አፓርት» (1958 እ.ኤ.አ.) እንውሰድ። «ዋናው ገጸ ባሕርይ ኦኮንክዎ ራሱን አጠፋ» ብሎ መጻፍ መጽሐፉን ማንበባችሁን ብቻ ያሳያል። መጨረሻው ላይ ተራኪው ድንገት ወደ እንግሊዛዊው አስተዳዳሪ ሐሳብ ይገባል፤ ሰውዬውም ለኦኮንክዎ ታሪክ፣ ሊጽፍ ባሰበው መጽሐፍ ውስጥ አንድ አንቀጽ ይበቃዋል ብሎ ይወስናል። አቼቤ መዝጊያውን ለምን ለዚህ ሰው ሰጠው? ድርሰታችሁ ከዚህ ዓይነት ጥያቄ ይነሣ። መልሳችሁን ገና በመግቢያው በግልጽ አስቀምጡ፤ ከዚያ ከመጽሐፉ እየጠቀሳችሁ፣ የቃላት ምርጫውን እያሳያችሁ አስረዱ። ሰዋስዉ በእርማት ይስተካከላል፣ አትጨነቁበት። ይልቅ እያንዳንዱን ልቦለድ ሁለቴ ለማንበብ ጊዜ መድቡ፤ ሁለተኛው ንባብ እርሳስ ይዛችሁ ይሁን።