ስለ ድመት ምጥ ምልክቶችና ስለ አወላለዷ የተሰጠ ማብራሪያ

በመዝገብ ቤትና በእህል ግምጃ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ እንደሚያውቁት፤ አይጥ የበላውን ደብዳቤ ማንም መልሶ ሊጽፈው አይችልም፤ አይጥ ያረከሰውንም እህል ማንም አጥቦ ወደ ጎተራው አይመልሰውም። ድመት በቤታችንና በመሥሪያ ቤታችን ስፍራ ያገኘችው በዚህ አገልግሎቷ ነው። ይሁን እንጂ ላሙ በምትወልድበት ሌሊት ፋኖስ አብርቶ በበረት የሚያድር ሰው፤ ድመቱ ስትወልድ ግን «እርሷ ራሷ ታውቅበታለች» ብሎ ይተኛል። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ አብዛኛዎቹ ድመቶች ያለ አንዳች ረዳት በሰላም ይወልዳሉና። ነገር ግን ምጥ የሚጸናባቸውም አሉ፤ እነዚህን ሊያድናቸው የሚችለው ምልክቱን ለይቶ የሚያውቅ ሰው በአጠገባቸው ሲገኝ ብቻ ስለሆነ፤ ጉዳዩን እንደሚከተለው መግለጽ አስፈላጊ ሆኖ ተገኝቷል።

ከሁሉ አስቀድሞ ቀኑን መቁጠር ይገባል። ድመት ከተጠቃችበት ቀን አንሥቶ እስክትወልድ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከ63 እስከ 65 ቀን ትቆያለች፤ ጥቂት ቀን ቢቀድም ወይም ቢዘገይ አያስደንቅም። 70 ቀን ያለፋት እንደ ሆነ ግን ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት የተገባ ነው። ድመት በሌሊት በጣራ ላይ ስለምትዞር፤ የተጠቃችበትን ቀን በትክክል የሚያውቅ ባለቤት ጥቂት ነው። ቢሆንም በእርግዝናዋ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ የጡቶቿ ጫፎች ቀላ ብለውና ጎላ ብለው ይታያሉ፤ ይህም በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ ባረገዘች ድመት ላይ ግልጽ ነው። ይህን ያየ ሰው ቀኑን በግድግዳ ቀን መቁጠሪያው ላይ ምልክት አድርጎ ከዚያ ወዲህ 6 ሳምንት ቢቆጥር፤ ከምትወልድበት ቀን እጅግ አይርቅም።

በዚህ ነገር ብዙ ሰዎች የሚሳሳቱበት አንድ ጉዳይ አለ። ድመት ወንድ በምትፈልግበት ጊዜ የምታሰማው ረዥም ጩኸት የምጥ ጩኸት እየመሰላቸው የሚጨነቁ አሉ። ሁለቱን መለየት ግን አስቸጋሪ አይደለም። ወንድ የምትፈልገው ድመት ሰውን በእግሩ ትታከካለች፤ በመሬት ላይ ትንከባለላለች፤ ደረቷን ዝቅ፤ ወገቧን ከፍ አድርጋ ጅራቷን ወደ ጎን ትመልሳለች፤ ወደ ውጭም ለመውጣት በሩን ትቧጥጣለች፤ ይህም ሁሉ ለብዙ ቀናት ይቀጥላል። ምጥ የያዛት ግን የምትፈልገው በሩን ሳይሆን ጨለማውን ነው፤ ሆዷም የተነፋ፤ ጡቶቿም የሞሉ ናቸው።

ጨለማ መፈለጓ ከመውለጃዋ በፊት ባለው ሳምንት ይጀምራል። የቤት ድመት ዘሯ የተገኘው ከአፍሪካ የዱር ድመት ነው፤ ይህችውም የዱር ድመት በአፍሪካ ቀንድ አገሮች ዛሬም ትኖራለች፤ በዓለት ስንጥቅና ጥቅጥቅ ባለ ቁጥቋጦ ውስጥ ተሸሽጋ ትወልዳለች። የእኛይቱም ይህን ጠባይ አልተወችም፤ ከአልጋ ሥር፤ ከጆንያ ኋላ፤ ክፍት ከተተወ የልብስ ሳጥን ውስጥ፤ በመዝገብ ቤትም ከታችኛው መደርደሪያ ፋይሎች መካከል እየገባች ስፍራውን በእግሯ ስትጭርና ስታመቻች ትታያለች። ስለዚህ የከበረ ልብሱንና ሰነዱን ለማዳን የሚወድ ሰው፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት አስቀድሞ እግሯን ዘርግታ ለመተኛት የሚበቃ የእንጨት ሳጥን ወይም ካርቶን፤ በአንድ ወገን ዝቅ ያለ መግቢያ አውጥቶለት፤ ጭስና ብርድ በማይደርስበት ጨለም ባለ የጓዳ ማዕዘን ያኑርላት። ከውስጡ የሚነጠፈው ያረጀ ንጹሕ ጨርቅ ይሁን፤ ነገር ግን ክሩ የተፈታ ነጠላ አይሁን፤ የልጆቹ እግርና አንገት በክሩ ይጠላለፋልና። ይህ ሁሉ ተሰናድቶላት እርሷ ግን ሌላ ስፍራ ብትመርጥ መከራከር አይገባም፤ በዚህ ነገር ድመትን የረታ ሰው አላየሁም።

የመጨረሻው ቀን ሲደርስ ምልክቶቹ ይበረታሉ። ምግቧን ትተዋለች፤ ከሳጥኑ ትገባለች፤ ትወጣለች፤ መልሳ ትገባለች፤ ከጅራቷ በታች ደጋግማ ትልሳለች፤ አንዳንድ ጊዜም አፏን ከፍታ ታለከልካለች። ከጡቷ ጫፍ ወተት ጠብ ሊል ይችላል። አንዳንዷ ከቤት እመቤት እግር ሥር ሳትለይ ትጮኻለች፤ አንዳንዷ ደግሞ ፈጽማ ትሰወራለች፤ ሌላይቱም በእሳት ላይ እንዳለ ወጥ የማያቋርጥ የጉርርታ ድምፅ ታሰማለች፤ ይህንም የሰማ ሰው ደስ ብሏት ነው ብሎ አይታለል። የድመት የጤንነት ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወይም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ ሲሆን፤ ለመውለድ አንድ ቀን ያህል ሲቀራት ብዙውን ጊዜ ከ37.8 በታች ይወርዳል። ሆኖም በሁሉም ድመቶች ላይ በእኩል አይታይም፤ መለኪያውንም በመቀመጫዋ ማስገባት ስለሚያስቆጣት፤ ልምድ ለሌለው ሰው እኔ አልመክርም። በዚህ ክፍል ማሕፀኗ እየተከፈተ ነው እንጂ ገና አልገፋችም፤ ጊዜውም 12 ሰዓት ወይም አንድ ሙሉ ቀን ሊሆን ይችላል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በምትወልደው ላይ ከዚህም ሊበልጥ ይችላል። ሕፃናትንና ውሻን ከአጠገቧ ማራቅ፤ ውሃ በቅርብ ማስቀመጥ ይበቃል።

ከዚህ በኋላ ማማጥ ይጀምራል፤ ሆዷ ሲጠነክርና ሲላላ በዓይን ይታያል፤ ጎኗን ይዛ ወይም ቁጢጥ ብላ ትገፋለች። ሰዓት መመልከት የሚያስፈልገው በዚህ ጊዜ ነው። ብርቱ ማማጥ ከተጀመረ ብዙውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያው ልጅ በስስ ከረጢት ተሸፍኖ ይወጣል፤ ቀጣዮቹም ከ10 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት በሚሆን ልዩነት ይከተላሉ። በከብት እርባታ የለመደ ሰው እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበል፤ ጥጃ በኋላ እግሩ ሲመጣ ያስፈራል፤ የድመት ልጅ ግን በራሱም ሆነ በኋላ እግሮቹ ቢመጣ ሁለቱም የተለመደ አወላለድ ነው።

ድመት ከሌሎች እንስሳት የምትለይበት አንድ ነገር ምጧን ልታቋርጥ መቻሏ ነው። አንድ ወይም ሁለት ልጅ ከወለደች በኋላ በተለይ ሰው ካወካት፤ ማማጧን ትታ እስከ አንድ ቀን ድረስ ልታርፍ ትችላለች፤ ከዚያም ምጧ ተመልሶ ቀሪዎቹን በጤና ትወልዳለች። ይህን ዕረፍት ከአደጋ ለይቶ ማወቅ የዚህ ትምህርት ሁሉ ዋና ነገር ነው። በዕረፍት ላይ ያለች ድመት ተረጋግታ ትተኛለች፤ የተወለዱትን ታጠባለች፤ ትልሳለች፤ ምግብና ውሃም ትቀበላለች። ልጅ የተሰነቀረባት ግን ትገፋለች፤ ትቁነጠነጣለች፤ ልጆቿን አትመለከትም፤ በመጨረሻም ዝም የምትለው ስላረፈች ሳይሆን ኃይሏ ስላለቀ ነው።

ይህን ልዩነት የተማርሁት በጥፋት ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሳገለግል፤ አይጥ እንድትጠብቅ የምናኖራት ድመት ነበረችን። አንድ ቀን ጠዋት ዘበኛው «ጌታዬ፤ ድመቲቱ ከሌሊት ጀምራ ታምጣለች፤ አንድም አልወለደች» ሲለኝ፤ ድመት ምጧን ታቋርጣለች ሲባል ሰምቼ ስለነበር «ተዋት፤ ዐርፋ ትወልዳለች» አልሁት። ከቀትር በኋላ ሄጄ ሳያት በጎኗ ተኝታ ከሰውነቷ የሚሸት ፈሳሽ ይወርድ ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንዳማጠች ሲጠይቀን ማናችንም ልንመልስለት አልቻልንም። ለገቢ ደብዳቤ ሁሉ የገባበትን ሰዓት የምንመዘግብ ሰዎች፤ ይህን ሳንመዘግብ ቀርተናል። ሐኪሙ ተጋድሞ የተሰነቀረ አንድ የሞተ ልጅ አወጣ፤ እናቲቱም ያን ሌሊት አላለፈችም።

እንግዲህ ብርቱ ማማጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ልጅ ካልወጣ፤ የልጁ ገላ በከፊል ታይቶ 10 ደቂቃ ያህል ካልተላቀቀ፤ የሚሸት ፈሳሽ ወይም የማይቆም ብዙ ደም ከታየ፤ ወይም እናቲቱ ከደከመችና ከተንቀጠቀጠች፤ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም። ማማጡ የጀመረበትንና እያንዳንዱ ልጅ የተወለደበትን ሰዓት በወረቀት ይዞ፤ ድመቲቱንና የተወለዱትን በሳጥን ሙቀት እንዲኖራቸው ሸፍኖ፤ ወደ እንስሳት ሐኪም መሄድ ነው። የታየውን እግር ጎትቶ ማውጣት ማሕፀኗን ሊቀድ ይችላል። ምጥ የሚያፋጥን መርፌም ሐኪም ሳያያት ማስወጋት ከዚህ ያላነሰ አደጋ ነው፤ መንገዱ በተዘጋ ጊዜ ማሕፀኑን ያፈነዳዋልና።

ሰው ያለ ሐኪም ሊረዳ የሚችለው ሥራ ጥቂት ነው። ልጁ በከረጢቱ እንዳለ ወጥቶ እናቲቱ በአንድ ወይም በሁለት ደቂቃ ውስጥ ካልቀደደችው፤ እጁን በሳሙና የታጠበ ሰው ከአፍንጫው በኩል ቀዶ አፉንና አፍንጫውን ይጥረግለት፤ በንጹሕ ጨርቅም ድምፅ እስኪያሰማ ድረስ ይሸው። በእግር ይዞ ማወዛወዝ አእምሮውን ይጎዳል። እትብቱን እናቲቱ ካልቆረጠችው ከሆዱ 3 ሴንቲሜትር ያህል ርቆ በንጹሕ ክር አስሮ፤ ከክሩ ወዲያ በታጠበ መቀስ መቁረጥ ይቻላል።

«ድመት ልጆቿን ትበላለች» እየተባለ፤ አፏ ደም የነካ እናት ስትደበደብ ይታያል። በአብዛኛው የበላችው የእንግዴ ልጁን ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ የራሱ የእንግዴ ልጅ አለው፤ መብላቷም የተፈጥሮ ሥራዋ ነው። ሞቶ የተወለደውን የምትበላ፤ ሲያውኳትም በሕይወት ያለውን የምትጎዳ አልፎ አልፎ አለች፤ ለዚህም መድኃኒቱ ዱላ ሳይሆን ጸጥታ ነው።

የተወለዱት እያንዳንዳቸው 100 ግራም ያህል ይመዝናሉ፤ ዓይናቸው የሚከፈተው ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ሙቀታቸውንም ራሳቸው ጠብቀው ማቆየት አይችሉም። በደጋ አገር ከረኃብ ይልቅ ብርድ ይቀድማቸዋል። እንገሩን በመጀመሪያው ቀን መጥባታቸውን መመልከት ይገባል። ሳጥኑን ለማጽዳት ክሬኦሊን የመሰለ ብርቱ መድኃኒት አይረጭ፤ ለድመት መርዝ ነውና። ሕመሟን ለማስታገሥ ብሎ ፓራሲታሞል የሚሰጥም ሰው በአንዲት ፍሬ ሊገድላት እንደሚችል ይወቅ።

ስለ ሰው ጤናም አንድ ነገር አለ። ያረገዙ እመቤቶች የድመት እዳሪ አይጥረጉ፤ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ፅንስን የሚጎዳ ተሐዋሲ በውስጡ ሊኖር ይችላል፤ ሌላ ሰው በየቀኑ ቢጠርገው የሚያስተላልፍበት ጊዜ ሳይደርስ ይወገዳል። ያማጠች ድመት ነክሳ እንደ ሆነ ቁስሉን ወዲያውኑ በብዙ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ማጠብና ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል፤ የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋልና። ደግሞም ድመት ልጆቿን እያጠባች ሳለች እንደገና ልታረግዝ ስለምትችል፤ ልጆቿ ጡት እስኪጥሉ ድረስ በሌሊት በሩን ዘግቶ ማሳደር የባለቤቷ ሥራ ነው።