ባትሪና የመጠባበቂያ ኃይል

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል የሚገኘው የንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በስሙ ውስጥ አንድ የሥልጣኔ ታሪክ ይዟል። «ንፋስ ስልክ» ማለት ያለ ሽቦ መልእክት የሚያስተላልፍ መሣሪያ ማለት ነው፤ ነፋስ የሚያደርሰው ስልክ እንደ ማለት ነው። ይሁን እንጂ መልእክቱ ያለ ሽቦ ቢጓዝም፣ መልእክቱን የሚልከው መሣሪያ ያለ ኤሌክትሪክ ኃይል አይሠራም። ኃይሉ ደግሞ የሚመጣው በሽቦ ነው። ሽቦው ሲበጠስ ወይም ትራንስፎርመሩ ሲበላሽ መሣሪያው ዝም እንዳይል ኃይልን አስቀድሞ ማከማቸት ያስፈልጋል። በዛሬው ጊዜ በተንቀሳቃሽ ስልክ ማማዎች ሥር 48 ቮልት የሚሰጡ ባትሪዎች በረድፍ ተደርድረው የሚቀመጡትም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ስንነጋገር ቃላቱን ለይተን አንጠቀምባቸውም። «ባትሪ» ስንል አንዳንድ ጊዜ በእጅ የሚያዘውን መብራት፣ አንዳንድ ጊዜም የመኪናውን ባትሪ ማለታችን ነው፤ የራዲዮውን ደግሞ «ድንጋይ» እንለዋለን። ማቀዝቀዣው ሥራ ሲያቆም እንኳ «መብራት ጠፋ» እንላለን። በዚህ ጽሑፍ አዳፕተር፣ ቻርጀርና መጠባበቂያ ባትሪ የተባሉት ሦስት መሣሪያዎች በየተራ ይብራራሉ፤ ልዩነታቸውን አለማወቅ ለንብረትም ለሕይወትም ጉዳት የሚያስከትል መሆኑም ይገለጻል።

በአገራችን ለመኖሪያ ቤት የሚታደለው ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ያለው ተመላላሽ ኮረንቲ ነው። ተመላላሽ የተባለበትም ምክንያት በሴኮንድ 50 ጊዜ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚመላለስ ነው። ከባትሪ የሚወጣው ግን ሁልጊዜ ባንድ አቅጣጫ ስለሚፈስ ቀጥተኛ ኮረንቲ ይባላል። ራዲዮ፣ ስልክና ኮምፒዩተር በውስጣቸው የሚሠሩት በቀጥተኛ ኮረንቲ ስለሆነ፣ ከግድግዳው የሚመጣውን ኮረንቲ የሚለውጥላቸው መሣሪያ ያስፈልጋቸዋል። ይህም መሣሪያ አዳፕተር ይባላል።

አዳፕተር ሥራውን በቅደም ተከተል ያከናውናል። በመጀመሪያ ትራንስፎርመሩ ቮልቱን ዝቅ ያደርገዋል። ቀጥሎ ዳዮድ የሚባሉት ክፍሎች ኮረንቲው ባንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲያልፍ ያደርጋሉ። ከዚያ የሚወጣው ኮረንቲ እንደ ልብ ትርታ ከፍ ዝቅ የሚል በመሆኑ ካፓሲተር የተባለው ክፍል ያስተካክለዋል። በመጨረሻም ተቆጣጣሪው ክፍል ቮልቱን በተወሰነለት መጠን ያጸናዋል። በዛሬዎቹ አነስተኛ አዳፕተሮች ግን ቅደም ተከተሉ ይለያል። ኮረንቲው አስቀድሞ ቀጥተኛ ከሆነ በኋላ በሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ እየተቆራረጠ ወደ ትራንስፎርመሩ ይገባል። ምልልሱ በፈጠነ መጠን ትራንስፎርመሩ ሊያንስ ስለሚችል፣ ቀድሞ እንደ ጡብ ይከብድ የነበረው መሣሪያ ዛሬ በመዳፍ ይያዛል።

ይኸው ሥራ በትልቅ መጠን ሲከናወን ለማየት ከክፍለ ከተማው መውጣት አያስፈልግም። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የሰሜን–ደቡብ መስመር ቀላል ባቡር በንፋስ ስልክና በሳሪስ አልፎ ቃሊቲ ይደርሳል። ይህ ባቡር ከበላዩ ከተዘረጋው ሽቦ የሚወስደው 750 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ ነው፤ ተመላላሹን ወደ ቀጥተኛ የሚለውጡትም በመስመሩ ላይ የተሠሩ የኃይል ጣቢያዎች ናቸው። በአንጻሩ ከፉሪ ለቡ ጣቢያ ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ባቡር 25,000 ቮልት ተመላላሽ ኮረንቲ ይወስድና ራሱ በተሸከመው መሣሪያ ይለውጠዋል። ከዚህ እንደምንረዳው ለዋጩ መሣሪያ በመንገድ ዳርም ሆነ በባቡሩ ላይ ሊቀመጥ ይችላል፤ ኮረንቲውን ለተፈለገው ሥራ እንዲስማማ አድርጎ መለወጡ ግን አይቀርም።

ቻርጀር ከአዳፕተር ጋር ቢመሳሰልም ተጨማሪ ተግባር አለው። አዳፕተር የተወሰነውን ቮልት ከመስጠት አያልፍም። ቻርጀር ግን የባትሪውን ሁኔታ እየተከታተለ መቼ አብዝቶ፣ መቼ ቀንሶ መስጠት እንዳለበት፣ መቼም ማቆም እንደሚገባው ይወስናል። እንዲያውም የስልክ ቻርጀር እያልን ግድግዳ ላይ የምንሰካው ዕቃ በትክክለኛ አነጋገር አዳፕተር ነው፤ ባትሪውን የሚሞላውና የሚቆጣጠረው ክፍል የሚገኘው በስልኩ ውስጥ ነው።

በእርሳስና በአሲድ የሚሠራ ባለ 12 ቮልት ባትሪ እያንዳንዳቸው 2 ቮልት የሚሰጡ ስድስት ክፍሎች አሉት። ይህን ባትሪ የሚሞላ ደኅና ቻርጀር ቮልቱን እስከ 14.4 ገደማ ያደርሰዋል፤ ባትሪው ሲሞላም ወደ 13.6 ገደማ ዝቅ አድርጎ ይጠብቀዋል። ማቆምን የማያውቅ ቻርጀር ግን በባትሪው ውስጥ ያለውን ውሃ ወደ ሃይድሮጂንና ወደ ኦክሲጅን ይለያየዋል። በዚህ ጊዜ ባትሪው ይደርቃል፤ የወጣውም ጋዝ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከተጠራቀመ በትንሽ ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ባትሪ ነፋስ በሚገባበት ቦታ ይቀመጣል እንጂ በአልጋ ሥር ወይም በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ አይቀመጥም።

መጠባበቂያ ባትሪ የሚባለው ባትሪው፣ ቻርጀሩና ኢንቨርተሩ ተቀናጅተው የሚሰጡት አገልግሎት ነው። ኢንቨርተር የባትሪውን ቀጥተኛ ኮረንቲ መልሶ 220 ቮልት ተመላላሽ ኮረንቲ ያደርገዋል። እዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው ቁም ነገር ባትሪ ኃይልን የሚያጠራቅም እንጂ የሚያመነጭ አለመሆኑ ነው። ጎተራ እህል አያበቅልም፤ የሚሰጠው የተከተተበትን ብቻ ነው። ባትሪም እንደዚሁ ነው።

ታዲያ የጎተራው ልክ እንዴት ይታወቃል? በባትሪው ላይ 12 ቮልትና 100 አምፔር ሰዓት ተጽፎ ብናይ ሁለቱን ቁጥሮች አባዝተን 1,200 ዋት ሰዓት እናገኛለን። ሆኖም የእርሳስ ባትሪን ደጋግሞ ከግማሽ በታች ማራገፍ ዕድሜውን ስለሚያሳጥር፣ በጥንቃቄ ልንጠቀምበት የምንችለው 600 ዋት ሰዓት ያህል ነው። በኢንቨርተሩ የሚባክነውን ትተን ስናሰላ፣ እያንዳንዳቸው 10 ዋት የሚፈልጉ ሦስት አምፖሎች በዚህ ኃይል 20 ሰዓት ያበራሉ። 3,500 ዋት የሚፈልግ የእንጀራ ምጣድ ግን ይህንኑ ኃይል በ10 ደቂቃ ገደማ ይጨርሰዋል፤ ምጣዱ በወጉ ሳይግል ጎተራው ባዶ ይሆናል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ምጣዱ ከባትሪው ከ290 አምፔር በላይ ስለሚስብ፣ ለዚህ ያልተሠራው ሽቦ ግሎ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

መሙላትም ጊዜ ይወስዳል። ግማሹ ያለቀበትን ይህንን ባትሪ 10 አምፔር በሚሰጥ ቻርጀር ለመሙላት ቢያንስ አምስት ሰዓት ያስፈልጋል፤ በመጨረሻው ላይ አሞላሉ ስለሚዘገይም ከዚያ ይበልጣል። መብራት መጥቶ ከሁለት ሰዓት በኋላ ተመልሶ ቢጠፋ ባትሪው አልሞላም። ባትሪው ገና በአዲስነቱ ከዳን የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ያላስተዋሉት ይህንን ስሌት ነው።

ስሌቱ ከቤት አልፎ ወደ ጤና ጣቢያ ሲገባ ነገሩ ይበልጥ ይከብዳል። አብዛኞቹ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ መቀመጥ አለባቸው። በሌሊት የምትወልድ እናትም አዋላጇ የምታይበት ብርሃን ያስፈልጋታል። በዚያ ሌሊት ያው አንድ ባትሪ ቴሌቪዥንና ውሃ ማፍያ ሲያሠራ አምሽቶ ከሆነ፣ ለማዋለጃው ክፍል የሚተርፍ አይኖርም። ስለሆነም መጠባበቂያ ኃይል የትኛውን መሣሪያ እንዲያገለግል እንደተፈለገ መብራት ሳይጠፋ ተወስኖ፣ መስመሩም ለብቻው ተለይቶ ሊዘረጋ ይገባል።

ሌላው ከባድ አደጋ ከቤት ውጭ ይደርሳል። ኢንቨርተር ወይም ጄኔሬተር ከቆጣሪው መስመር ሳይለይ ቢቀጠል፣ ከቤት የሚነሣው 220 ቮልት በሽቦው ተመልሶ ወደ ሠፈሩ ትራንስፎርመር ይሄዳል። ትራንስፎርመር በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል፤ ከወዲያ የመጣውን 15,000 ቮልት ወደ ታች እንደሚያወርድ ሁሉ ከወዲህ የሄደውን ወደ ላይ ያወጣዋል። መስመሩ ኃይል የለውም ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ በዚህ ምክንያት ሊሞት ይችላል። ስለዚህ አንዱን ሳይዘጋ ሌላውን የማይከፍት ማዞሪያ በባለሙያ መገጠም አለበት።

እንግዲህ መጠባበቂያ ኃይል ያለው ሰው ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ማወቅ ይጠበቅበታል፤ ጎተራው ምን ያህል እንደሚይዝ፣ በስንት ሰዓት እንደሚሞላ፣ ኃይሉ ሲያንስም ለማን ቅድሚያ እንደሚሰጥ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ቀላል ስሌት ይመልሳቸዋል። ሦስተኛው ግን ማስተዋልን ይጠይቃል።

መልመጃ

1. በአዳፕተርና በቻርጀር መካከል ያለውን ልዩነት በራሳችሁ አባባል በአንድ አንቀጽ ግለጹ።
2. 12 ቮልትና 200 አምፔር ሰዓት ያለው የእርሳስ ባትሪ፣ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም፣ 60 ዋት የሚፈልግ ማቀዝቀዣ ያለማቋረጥ ስንት ሰዓት ያሠራል? ስሌቱን በሙሉ ዓረፍተ ነገሮች አስረዱ።
3. «ጎተራ እህል አያበቅልም» የሚለው አነጋገር ለባትሪ የተነገረው ለምን እንደሆነ አብራሩ፤ በሌላ ጉዳይም ምሳሌ ስጡበት።