ባዶ ቦታው ምን ማለት ነው? ዳታቤዝ ስንቀይር ሳይታወቅ የሚጠፉ ስሞች

አንድ ጥያቄ እናንሳ። በተማሪዎች መዝገብ ላይ «የአያት ስም» የሚለው ቦታ ባዶ ሆኖ ብታገኙት ምን ትረዳላችሁ? ተማሪዋ አልተጠየቀችም? ወይስ ተጠይቃ ሳትሞላው ቀረች? ወረቀት ላይ ሁሉም አንድ ይመስላል። ዳታቤዝ ውስጥ ግን ሁለት ዓይነት ባዶ አለ።

ነል «ዋጋው አይታወቅም» ወይም «ዋጋ የለም» የሚል ምልክት ነው። ባዶ ስትሪንግ ደግሞ የታወቀ ዋጋ ነው፤ ርዝመቱ ዜሮ የሆነ ጽሑፍ። የሪሌሽናል ሞዴልን እ.ኤ.አ. በ1970 ያስተዋወቀው ኤድጋር ኮድ በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ነል እንኳ እንደማይበቃ፣ «አለ ግን አልታወቀም» ለሚለውና «ይህን ሰው አይመለከተውም» ለሚለው የተለያየ ምልክት እንደሚያስፈልግ ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ኦራክል በተቃራኒው ባዶ ስትሪንግን ራሱን ነል አድርጎ ይቆጥረዋል። ፖስትግሬስ፣ ማይኤስኪውኤል እና ኤስኪውኤል ሰርቨር ግን ሁለቱን ይለያሉ።

ከኦራክል ወደ ፖስትግሬስ ስንሻገር ዳታው ራሱ ብዙ አያስቸግርም፤ ነል የነበረው ነል ሆኖ ይገባል። የሚሰናከለው ኮዱ ነው። ስምን እንውሰድ። እኛ አገር ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስም በሦስት አምድ ተይዘው ለመታወቂያ ወይም ለምስክር ወረቀት ይገጣጠማሉ። ኦራክል በሁለት ቋሚ መስመር ምልክት ሲያገጣጥም ነሉን ዘሎ የቀረውን ይሰጣል፦ «ሀያት ሰዒድ»። ፖስትግሬስ ላይ በዚያው ምልክት የሚገኘው ውጤት ግን ነል ነው። የአያት ስም ስለጎደለ ሀያትም ሰዒድም አብረው ይጠፋሉ። ስህተት ተፈጠረ የሚል መልእክት እንኳ አይወጣም፤ የስሙ ቦታ ነጭ ሆኖ ይታተማል። እንዲህ ላለው ሥራ ነሉን የሚዘልለው የፖስትግሬስ ኮንካት ደብሊውኤስ ፈንክሽን ይሻላል፤ በስሞቹ መካከል ትርፍ ክፍተትም አይተውም።

ሁለተኛው ጉዳይ ይበልጥ ስውር ነው። ኦራክል ላይ «ነል አይፈቀድም» የተባለ አምድ ባዶ ስትሪንግንም አያስገባም። ብዙ ሲስተም ሳያውቀው በዚህ ጥበቃ ሥር ኖሯል። ፖስትግሬስ ላይ ያው ገደብ ነልን ብቻ ስለሚከለክል ምንም ያልተጻፈበት ፎርም ሰተት ብሎ ይገባል። ለእንዲህ ያለው አምድ ባዶ ስትሪንግን የሚከለክል የቼክ ገደብ መጨመር ግድ ነው። ነል በሚፈቀድበት አምድም ችግር አለ፦ «ስልኩ ነል የሆነውን ሁሉ አውጣ» የሚለው የድሮ መጠይቅ ከሽግግሩ በኋላ በባዶ ስትሪንግ የተመዘገቡትን አያገኝም። ስልክ የሌላቸውን ለይቶ በሌላ መንገድ ሊያሳውቅ የተነሳ ሰው እነዚያን ተማሪዎች ሳያውቅ ይዘላቸዋል።

የቀንና የቁጥር አምዶች ቢያንስ ይጮኻሉ። ባዶ ስትሪንግ ሲላክላቸው ፖስትግሬስ ወዲያው ስህተት ነው ይላል፤ ኦራክል ግን ዝም ብሎ ነል ያደርገው ነበር።

ዳታውን በሲኤስቪ ፋይል የምታጓጉዙ ከሆነ ትእምርተ ጥቅሱን ተጠንቀቁ። የፖስትግሬስ ኮፒ ትእዛዝ በሁለት ኮማ መካከል ምንም የሌለበትን ቦታ ነል ብሎ ያነባል፤ በመካከላቸው ባዶ ትእምርተ ጥቅስ ካለ ደግሞ ባዶ ስትሪንግ ይለዋል። ፋይሉን በኤክሴል ከፍቶ መልሶ ማስቀመጥ ብቻውን ይህን ልዩነት ሊያጠፋው ይችላል።

ከፖስትግሬስ ወደ ኦራክል የሚደረገው ጉዞ ደግሞ መመለሻ የለውም። ሁለቱ ባዶዎች አንዴ ከተቀላቀሉ የትኛው የትኛው እንደነበር የሚናገር ነገር አይቀርም። ስለዚህ ልዩነቱ ትርጉም ያለው አምድ ካለ አስቀድሞ «ተጠይቋል ወይስ አልተጠየቀም» የሚል ሌላ አምድ ይከፈትለት። ትርጉም ከሌለው ነልኢፍ በተባለው ፈንክሽን ባዶውን ሁሉ ነል አድርጎ መጨረስ ይቀላል፤ እኔም ለአብዛኛው አምድ የምመርጠው ይህንን ነው። የትኛውም መንገድ ቢመረጥ፣ ከሽግግሩ በፊት በየአምዱ ስንት ነል እና ስንት ባዶ ስትሪንግ እንዳለ ቆጥራችሁ መዝግቡ፤ ከሽግግሩ በኋላም ቆጥራችሁ አስተያዩ።