«መስመሩ ደካማ ነው» ከማለታችን በፊት

በየቤታችን ኢንተርኔት ሲዘገይ ከሁላችንም አፍ የሚወጣው አንድ ነገር ነው፤ «መስመሩ ደካማ ነው!» እንላለን። አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ መስመሩ ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል። እኛ የኮምፒዩተር ክበብ አባላት ባለፈው ሰሞን በአንድ መምህራችን ቤት ያየነው ይህንኑ ነው።

ጋሼ (ስማቸውን እንዳንጽፍ ነግረውናል) ቤታቸው ውስጥ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተርና አንድ ፕሪንተር በራውተር አገናኝተዋል። አሮጌው ኮምፒዩተር የፈተና ወረቀት የሚያስቀምጡበት ነው፤ «መዝገብ» ብለው ሰይመውታል። ታዲያ ከላፕቶፑ ላይ መዝገብን ሲጠሩት ቆም ይላል፤ ፕሪንተሩም እንዲሁ፤ የኢንተርኔቱ ገጽም እንዲሁ። አንዴ ከተገናኘ በኋላ ግን ሥራው ይሮጣል። «ልጆች፣ ከፍ ያለውን ፓኬጅ ልገዛ ነው፤ እንግዲህ ደመወዜን ይብላው» አሉን። እስቲ አንድ ቀን ይታገሡን ብለን ገባን።

ኮምፒዩተሮች እርስ በርሳቸው የሚተዋወቁት በቁጥር ነው፤ ስም ለእኛ ለሰዎች የተደረገ ነው። ስለዚህ ማንኛውም ጥሪ ከመጀመሩ በፊት «የዚህ ስም ቁጥር ስንት ነው?» ተብሎ መጠየቅ አለበት። ጥንት የስሞቹ ዝርዝር ባንድ ፋይል ተጠቃሎ ካሊፎርኒያ ውስጥ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ይያዝ ነበር፤ ሌላው ከዚያ ይገለብጣል። ማሽኑ ሲበዛ ይህ አላዋጣም። በመሆኑም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም. ፖል ሞካፔትሪስ ዝርዝሩ በብዙ ቦታ ተከፋፍሎ የሚያዝበትን ዲ.ኤን.ኤስ. የተባለውን ሥርዓት ነደፈ። ዛሬም የምንሠራው በሱ ነው።

የመጀመሪያው ሥራችን መስመሩን ከስሙ መለየት ነበር። መዝገብን በቁጥሩ፣ ማለትም በ192.168.1.20፣ ፒንግ አደረግነው። ወዲያው መለሰ። ቀጥሎ በስሙ ጠራነው። ዝም... አምስት ሴኮንድ ያህል ቆይቶ መለሰ፤ መልሱ ከጀመረ በኋላ ግን ፍጥነቱ ያው ነው። (ትእዛዙ ላይ ሰረዝና «ኤን» የተባለችውን ፊደል መጨመር አይረሳ፤ አለዚያ ፒንግ ራሱ ቁጥሩን ወደ ስም ለመመለስ እየጠየቀ ያደናግራል።) በቁጥርም ቢዘገይ ኖሮ ወደ ሽቦው ወይም ወደ ዋይፋዩ እንሄድ ነበር። አሁን ግን ጥፋቱ ከስም ጠያቂው ዘንድ መሆኑ ታወቀ።

ላፕቶፑ በሊኑክስ የሚሠራ ነው። ሬዞልቭ ኮንፍ የሚባለውን ፋይል ከፍተን ብናይ ሁለት የስም አዋቂ አድራሻዎች ተጽፈዋል፤ አንደኛው 192.168.1.5፣ ሁለተኛው ራውተሩ ራሱ። ዲግ በተባለው ትእዛዝ እያንዳንዱን ለየብቻ ጠየቅን። ሁለተኛው ወዲያው መለሰ። አንደኛው ጭራሽ መልስ የለውም።

«ጋሼ፣ ይቺ 192.168.1.5 ማን ናት?»

ጋሼ ትንሽ አሰቡና ወደ ጠረጴዛው ሥር አመለከቱ። ዳንቴል የለበሰች ትንሽ ሳጥን! ልጃቸው ዐምና ማስታወቂያ እንድትከለክል ስም አዋቂ አድርጎ የተከላት ናት። እሱ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ እሳቸው ከሶኬት ነቀሏት፤ አድራሻዋ ግን ራውተሩ ላይ እንደ አንደኛ ተመዝግቦ ቀረ። የላፕቶፑ ስም ጠያቂ፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ አንዱን አድራሻ 5 ሴኮንድ ይጠብቃል። ደግሞ የማይማር ነው፤ አሁን የተዘጋ በር ላይ ቆሞ ቢመለስም ለሚቀጥለው ስም እንደገና ሄዶ እዚያው ይቆማል። አንድ የኢንተርኔት ገጽ ብዙ ስሞችን ስለሚጠራ መከራው ይደራረባል።

የጥበቃውን ጊዜ ወደ 1 ሴኮንድ ማሳነስ ይቻላል፤ ይህ ግን ሕመሙን መሸፈን ነው ብለን ተውነው። ከመካከላችን አንዱ 8.8.8.8 የተባለውን የጉግል አድራሻ ብቻ እናስገባ አለ። ኢንተርኔቱስ ይፈጥን ነበር፤ ነገር ግን ጉግል የጋሼን ፕሪንተር ከየት ያውቃታል? የቤቱን ስሞች የሚያውቀው ራውተሩ ነው። ስለዚህ ከራውተሩ ላይ የሞተውን አድራሻ ሰርዘን፣ ላፕቶፑን አላቅቀን እንደገና አገናኘነው። መዝገብ በስሙ ሲጠራ ወዲያው አቤት አለ።

ፓኬጁ ሳይገዛ ቀረ። ልጁ ለዕረፍት ሲመጣ ሳጥኗን መልሶ ያስነሣት ይሆናልና፣ «አድራሻዬ ከራውተሩ ላይ ተሰርዟል» የምትል ወረቀት ጽፈን ከዳንቴሉ ላይ ለጥፈንላታል።